የኃያላኑ ሚዛንና የእኛ ውርርድ

በከተማችን የማይሞቱ ሁለት ክርክሮች አሉ። አንደኛው የአርሰናልና የማንቸስተር ነው። ሁለተኛው «አሜሪካና ቻይና ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል?» የሚለው ነው። ሁለቱም የሚካሄዱት በአንድ ዓይነት ወኔ፣ አንዳንዴም በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ማኪያቶ ዙሪያ ነው። የተከራካሪዎቹም አነጋገር አንድ ነው፦ «እኛ» ይላሉ። ለንደንን በዓይኑ ያላየ ሰው «ትናንት ሦስት አገባንባቸው» እንደሚል ሁሉ፣ ሞስኮን ካርታ ላይ ፈልጎ ለማግኘት የሚቸገር ሰው «የእኛ ሚሳይል እኮ ራዳር አያየውም» ይላል። ከዚያ ቁጥሩ ይዘንባል። ይህን ያህል ታንክ፣ ይህን ያህል ተዋጊ አውሮፕላን፣ ይህን ያህል ሰርጓጅ መርከብ፣ ይህን ያህል ትሪሊዮን ዶላር። ቁጥር ያለቀበት ወገን ይሸነፋል፤ ሒሳቡንም ይከፍላል።

ልስቅባቸው አይደለም። ይኸው ክርክር በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችም ይካሄዳል፤ ልዩነቱ እዚያ ማኪያቶው በግርጌ ማስታወሻ መተካቱ ብቻ ነው። እንዲያውም ስለ ኃያላን ጉልበት የተጻፈውን መጽሐፍ ሁሉ ትቼ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ፣ የብዙዎቹ አባት የሆነውን እመርጣለሁ። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁትም እሱን ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ብዬ ካላመለከትኩ በስተቀር ዘመኑ የፈረንጆቹ ነው።)

ፖል ኬኔዲ እንግሊዛዊ የታሪክ ሊቅ ነው። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ በ1987 አንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «የታላላቅ ኃያላን መነሣትና መውደቅ» ሊባል ይችላል። ከ600 ገጽ በላይ ነው፤ ከ1500 እስከ 2000 ያለውን የአምስት መቶ ዓመት የኢኮኖሚ ለውጥና ጦርነት ይተርካል። መከራከሪያው አያስቸግርም። የጦር ጉልበት ከሀብት ይወለዳል፤ ሀብትን ለመጠበቅ ደግሞ የጦር ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ኃያል አገር ግን ከሀብቱ ብዙውን ለጦር ካዋለ፣ ሀብቱን የሚወልደው ፋብሪካና ንግድ ይደርቅበታል። እሱ በአራቱም ማዕዘን ዘብ ሲያቆም ሌላው በዝምታ ያመርታል። አንድ ቀን ዞር ብሎ ሲያይ ተቀድሟል። ኬኔዲ ይህን «ከአቅም በላይ መዘርጋት» ይለዋል። የእኛ ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ነገር ነው።

ምሳሌዎቹ ደግሞ ጥሩ ናቸው። የእስፔንን ነገሥታት ታሪክ ሲተርክ ልብ ወለድ የምታነቡ ይመስላችኋል። ከአሜሪካ ብር በመርከብ የሚጋዝላት አገር፣ ፀሐይ አትጠልቅባትም የተባለላት አገር፣ በ1557፣ በ1575 እና በ1596 «ለአበዳሪዎቼ የምከፍለው የለኝም» አለች። ብሩ ገና ወደብ ሳይደርስ ለወታደር ደሞዝና ለወለድ ተበልቶ ያልቅ ነበር። ይህን ክፍል ያነበበ ሰው አንድ አገር ሀብታም ነው ሲባል ወዲያው ላለማመን ይማራል።

እኔ የጦርም የኢኮኖሚም ሊቅ አይደለሁም፤ ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው። «ታዲያ ምን አገባህ?» ብትሉኝ፣ ሰንጠረዥም ድርሰት ስለሆነ ነው መልሴ። የኬኔዲ መጽሐፍ በሰንጠረዥ የተሞላ ነው፤ የብረት ምርት፣ የሕዝብ ብዛት፣ የጦር መርከብ ክብደት፣ ከዓለም የፋብሪካ ምርት የየአገሩ ድርሻ። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ ደራሲ አለው። ደራሲው የትኛው ገጸ ባሕርይ መድረክ ላይ ይውጣ፣ የትኛው ከመጋረጃ ጀርባ ይቅር ብሎ መርጧል። ተማሪዎቼን ልብ ወለድ ስናነብ «ያልተነገረውስ ምንድን ነው?» እያልኩ አሰለቻቸው ነበር። ዛሬ ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ ለሰንጠረዡ ላቅርብለት።

* * *

በመጀመሪያ የሚመሰገንበትን እንናገር። ጦርነቱ ረጅም ከሆነና ሁሉም ያለ የሌለ አቅሙን ካወጣ፣ ሰንጠረዡ አይዋሽም። በ1944 አሜሪካ ከ96 ሺህ በላይ አውሮፕላን ሠራች። በዚያው ዓመት ጀርመን ወደ 40 ሺህ፣ ጃፓን ደግሞ ወደ 28 ሺህ ሠሩ። ከዚህ በኋላ የጃፓን አብራሪ ምንም ያህል ጀግና ቢሆን፣ አንዱን ሲጥል ሦስት ይመጣበታል። ኬኔዲ ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች የሚያስረዳው በዚህ ነው፤ ያስረዳልም።

ችግሩ የሚመጣው ደራሲው ያለፈውን ትቶ የሚመጣውን ሲናገር ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ የአሜሪካ እትም ሽፋን ላይ ሥዕል ነበረ። ዓለምን የምትመስል ኳስ መድረክ ሆናለች። እንግሊዝን የሚወክለው ሰው ባንዲራውን ይዞ ወርዷል። አሜሪካን የሚወክለው አጎት ሳም በመውረድ ላይ ነው። ከኋላው ጃፓናዊ ባንዲራውን ይዞ እየወጣ ነው። ሽፋኑን ደራሲው አልሣለው ይሆናል፤ የዘመኑ አንባቢ ግን መጽሐፉን ያነበበው በዚያ ሽፋን በኩል ነበር። ቀጥሎ የሆነውን እናውቃለን። የጃፓን የአክሲዮን ገበያ በ1989 መጨረሻ ጣሪያ ነካና ወደቀ፤ ያንን ከፍታ መልሶ ያለፈው በየካቲት 2024 ነው። ሠላሳ አራት ዓመት! ጃፓናዊው መድረኩ ላይ አንድ እግሩን እንዳሳረፈ ቀረ።

በሥዕሉ ላይ ጭራሽ ያልነበረውስ? ኬኔዲ ስለ ሶቪየት ኅብረት ችግር ብዙ ጽፏል፤ እርሻው፣ የወደቀው ቴክኖሎጂው፣ እያረጀ የሄደው ሥርዓቱ። ይሁንና ይህ ሁሉ አገሪቱ ልትፈርስ ተቃርባለች ማለት አይደለም ብሎ ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላ ወይም ሞላ ሲል፣ በታኅሣሥ 1991፣ ፈረሰች። በአንድ ጥይት ድል አልተነሣችም፤ ታንኩም ሚሳይሉም እንዳለ ነበር። ብረቱም ነበር፤ በ1980ዎቹ ከዓለም አንደኛ የብረት አምራች ሶቪየት ኅብረት ነበረች፤ በዓመት ከ150 ሚሊዮን ቶን በላይ።

ይህ የአንድ ሰው ስሕተት ቢሆን በቀላሉ ባለፍነው። በፖለቲካ ሳይንስ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ አንድ የጉልበት መለኪያ አለ፤ ዴቪድ ሲንገር የተባለ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ምሁር በጀመረው ጥናት የወጣ ነው። ስድስት ነገር ይቆጥራል፦ የሕዝብ ብዛት፣ የከተማ ነዋሪ፣ የብረት ምርት፣ የኃይል ፍጆታ፣ የወታደር ቁጥርና የጦር ወጪ። በዚህ መለኪያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሶቪየት ኅብረት ከአሜሪካ ትበልጥ ነበር። ማለትም ልትፈርስ አሥር ዓመት ሲቀራት የዓለም አንደኛ ነበረች። ሐኪሙ «ጤናህ እንከን የለውም» ብሎ ያሰናበተው ሰው በሩ ላይ ሲወድቅ፣ የሚመረመረው በሽተኛው ብቻ አይደለም፤ መመርመሪያውም ጭምር ነው።

* * *

እና ሰንጠረዡ ያልነገረን ምንድን ነው? እንደ እኔ አነባበብ ነገሩ አንድ ነው። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው ያለውን ነው። የጦርነትንና የፖለቲካን ነገር የሚወስነው ግን የሚደርሰው ነው። ባለውና በሚደርሰው መካከል ደግሞ ሦስት ኬላ አለ።

የመጀመሪያው ኬላ የቤት ሆድ ነው። ገበሬ ዘመዶቻችን ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። ሠላሳ ኩንታል አምርቶ አሥራ አምስት ቤተሰብ የሚቀልብ ሰውና ሃያ ኩንታል አምርቶ አራት ሰው የሚቀልብ ሰው ገበያ ቢወጡ፣ ብዙ ጆንያ ጭኖ የሚመጣው ሁለተኛው ነው። ማይክል ቤክሊ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ2018 ባወጣው ጽሑፍ ኃያላንን የምንለካው በማሳው እንጂ በጎተራው አይደለም ሲል ተከራክሯል። አባባሉ የእኔ ነው፤ ሐሳቡ የእሱ ነው። ጥሩ ምሳሌው ቻይናና እንግሊዝ ናቸው። የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቁ አንገስ ማዲሰን ባሰላው መሠረት በ1820 ከዓለም ምርት አንድ ሦስተኛው ገደማ የቻይና ነበር፤ የእንግሊዝ ድርሻ 5 በመቶ ገደማ ነበር። ሃያ ዓመት ቆይቶ ግን በኦፒየም ጦርነት ከ1839 እስከ 1842 ቻይናን ያንበረከከችው ባለ 5 በመቶዋ ናት፤ ሆንግ ኮንግን የወሰደችውም እሷው ናት። የቻይና ምርት ብዙ ነበር፤ ግን የሚበላውም ሕዝብ ብዙ ነበር። ከሆድ ተርፎ ለመርከብና ለመድፍ የሚሆነው ጥቂት ነበር።

ሁለተኛው ኬላ መንገዱ ነው። ገንዘብ ጥይት አይደለም። ገንዘብ ጥይት የሚሆነው ፋብሪካ፣ ባሩድ፣ ሠራተኛ፣ መኪና፣ ነዳጅና አዛዥ ሲገኝለት ነው። የዩክሬን ጦርነት ይህን ለሁለቱም ወገን አስተምሯል። ግሎባል ፋየርፓወር የተባለው፣ የእኛ ተከራካሪዎች እንደ ዳዊት የሚደግሙት የጦር ደረጃ ዝርዝር፣ በ2022 ሩሲያን 2ኛ፣ ዩክሬንን 22ኛ ብሎ ነበር። በየካቲት 2022 ሩሲያ ስትገባ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የተሰለፈ የጦር ተሽከርካሪ ወደ ኪየቭ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ጦሩ ከኪየቭ ዙሪያ ለቅቆ ወጣ። ታንኩ ነበረ። አልደረሰም።

የጦር ሰንጠረዡ ሲያፍር የገንዘብ ሰንጠረዡ ደስ ሳይለው አልቀረም። «ኢኮኖሚዋ ከጣሊያን የሚያንስ አገር ስንት ወር ትዋጋለች?» የሚል ወሬ በምዕራቡ ጋዜጣ በዛ። በዶላር ምንዛሪ ሲሰላ እውነት ነው፤ በ2021 የሩሲያ ጠቅላላ ምርት ከጣሊያን ያነሰ ነበር። ግን የሩሲያ ወታደር ደሞዙ በሩብል ነው፤ ቅቤውንም ቦት ጫማውንም የሚገዛው በሩብል ነው። አዲስ አበባ አንድ ዶላር ተመንዝሮ የሚያበላው ኒው ዮርክ ውስጥ እንደማያበላ ሁሉ፣ የመግዛት አቅም ተሰልቶ ሲታይ የዓለም ባንክ ሩሲያን ከጃፓን አስቀድሞ አራተኛ ያደርጋታል። አንዲት አገር በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንዱ ሰንጠረዥ ከጣሊያን በታች፣ በሌላው ከጃፓን በላይ! ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው። ልዩነቱ ያለው ደራሲው በመረጠው መለኪያ ላይ ነው።

በሌላ ወገን የአውሮፓ ኅብረት አለ። የአባል አገሮቹ ምርት ተደምሮ በዶላር ከሩሲያ ብዙ እጥፍ ነው። በመጋቢት 2023 ኅብረቱ «በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን የመድፍ ጥይት ለዩክሬን እናቀርባለን» አለ። ቀኑ ሲደርስ የቀረበው ግማሹ ገደማ ነበር። ያ ሁሉ ሀብት የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ሀብቱ ባንክ፣ መድን፣ ሆቴል፣ የሕግ አማካሪ ቢሮ፣ መድኃኒትና ወይን ነው። የፀጉር ቤት ገቢም በጠቅላላ ምርት ውስጥ ይቆጠራል። ፀጉር ቤት ግን ጥይት አይቀልጥበትም።

ሦስተኛው ኬላ ፍላጎት ነው። «ልድረስ ወይስ አልድረስ?» የሚለው። ለዚህ ረድፍ ያወጣ ሰንጠረዥ አላየሁም፤ ለእኛ ግን ከሁሉም የቆረጠን ይኸው ነው።

* * *

በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ በጊዜው የነበረ አንድ አስተዋይ ሰው ሰንጠረዥ ዘርግቶ ቢያሰላ ምን ይል ነበር? ኬኔዲ በመጽሐፉ ባሰፈረው ቁጥር መሠረት በ1938 ከዓለም የፋብሪካ ምርት የእንግሊዝ ድርሻ 10.7 በመቶ፣ የፈረንሣይ 4.4፣ የጣሊያን ደግሞ 2.8 በመቶ ነበር። ሁለቱ ተደምረው የጣሊያንን አምስት እጥፍ ይሆናሉ። ሁለቱም የመንግሥታቱ ማኅበር ዋና ምሰሶ ነበሩ። የእንግሊዝ መርከቦች ሜዲትራኒያን ላይ ነበሩ። የጣሊያን ጦርና ስንቅ የሚያልፍበት የስዊዝ ቦይ በእጃቸው ነበር። ሰንጠረዡ «ኢትዮጵያ ትድናለች» ይል ነበር።

ቦዩ አልተዘጋም። ማዕቀብ ቢጣልም ነዳጅ አልተጨመረበትም። ጣሊያን የመርዝ ጋዙን ይዞ አለፈ፤ ንጉሡም በ1936 ጄኔቭ ቆመው የተናገሩትን ተናገሩ። ጉልበቱ ነበረ፤ በመርከብ የጥቂት ቀን መንገድ ላይ ነበረ። የጎደለው ሞሶሊኒን ማስቀየምን የሚደፍር ልብ ነበር፤ ሁለቱም ሂትለርን ፈርተው ሞሶሊኒን ለማባበል ይፈልጉ ነበርና።

አምስት ዓመት ቆይቶ ምን ሆነ? በ1940 ፈረንሣይ ወደቀች። እንግሊዝ ብቻዋን ቀረች፤ ከተማዋ በቦምብ ይደበደባል፤ ገንዘቧ እያለቀ ነው። በየትኛውም ሰንጠረዥ ከ1935 ይልቅ ደካማ ናት። ግን በሰኔ 1940 ጣሊያን ጦርነት አወጀባት። በ1941 የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጋር ጣሊያንን አስወጣ፤ ንጉሡም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ጠንካራዋ እንግሊዝ አልደረሰችልንም፤ የደከመችው እንግሊዝ ደረሰች። ስትጠነክር ጠላታችን ጠላቷ አልነበረም፤ ስትደክም ሆነ። ስለ ኃያላን ጉልበት አንድ ነገር ብቻ ለልጆቻችን እናስተምር ብንባል፣ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ ዓድዋን የሚያነሣ አይጠፋም። «ይኸው ሰንጠረዡን የሰበርነው እኛ ነን!» የሚል። ቀስ እንበል። ዓድዋ የቁጥር ተአምር አይደለም። ጣሊያን በብረትም በፋብሪካም ይበልጠናል፤ ዓድዋ የደረሰው ጦሩ ግን ከሃያ ሺህ ያነሰ ነበር። የእኛ ሰው ወደ መቶ ሺህ ይገመታል፤ ከመካከሉም ብዙው ባለጠመንጃ ነበር። ጣሊያን ያለው ብዙ፣ የደረሰው ጥቂት ነው፤ ምኒልክ ያላቸው ጥቂት፣ ያደረሱት ብዙ ነው። ጠመንጃውንም ከፈረንሣይ፣ ከራሱ ከጣሊያን ሳይቀር ሰብስበዋል። የውጫሌን ውል የፈረመችው ጣሊያን ምን እንደምትፈልግ ካወቁ በኋላ ከውሉ ወጥተዋል። የኃያላኑን አቅም ብቻ ሳይሆን ፍላጎታቸውንም አንብበዋል ማለት ነው። ይህን ስል ድሉን አሳነስኩት የሚለኝ ካለ ተሳስቷል። ተአምር አይደገምም፤ ብልሃት ግን ይደገማል።

* * *

ብልሃቱን ደገምነው ወይ? ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካችን በአብዛኛው ውርርድ ነው። በ1953 ከአሜሪካ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ እነሱ አስመራ ላይ የቃኘው ጣቢያን ያዙ፣ እኛ መሣሪያና ሥልጠና አገኘን። የዓለም አንደኛው ሀብታም ወዳጃችን ነው ብለን ተኛን። ሳተላይት ሲመጣ የጣቢያው ጥቅም ቀነሰ፤ ወዳጅነቱም አብሮ ቀነሰ። የአሜሪካ ሀብት አልቀነሰም፤ ከእኛ የምትፈልገው ነገር ነው የቀነሰው።

ደርግ በ1977 ጣቢያውን ዘግቶ ወደ ሞስኮ ዞረ። በእውነቱ ያን ጊዜ ደረሱ። በአውሮፕላንና በመርከብ መሣሪያ ጎረፈ፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ፤ የሶማሊያ ጦር ከኦጋዴን ወጣ። ስለዚህ ውርርዱ የሰመረ መሰለ። ዓለም ሁሉ ሶቪየትን ከአሜሪካ ጎን በሚያስቀምጥበት ዘመን የደርግ ሰዎች ብቻቸውን ሞኝ ነበሩ ማለት አይቻልም፤ የሚሺጋኑም መለኪያ ከእነሱ ጋር ነበር። ግን ጎተራውን ያየ አልነበረም። ጎርባቾቭ መጥቶ ጎተራውን ከፍቶ ሲያይ ባዶ ነበር፤ ሩቅ አገር ላለ ወዳጅ የሚሰፈር አልነበረውም። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። ሰባት ወር ቆይቶ ራሷ ሶቪየት ኅብረት ተከተለች። በዚያ ውርርድ ያለቀው ወጣት በየትኛውም የኃያላን ሰንጠረዥ ውስጥ የለም።

ዛሬም ጠረጴዛው ተዘርግቷል። ኢትዮጵያ ከጥር 2024 ጀምሮ የብሪክስ አባል ናት። ይህን ተከትሎ ከሁለቱም ወገን የሚሰማው ሙግት ያው የጥንቱ ነው። አንዱ «ብሪክስ ተደምሮ ሰባቱን ሀብታሞች በመግዛት አቅም ይበልጣል» ይላል። ሌላው «በዶላር አይበልጥም» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስላለው ነው።

እስቲ አሜሪካንና ቻይናን ራሳቸውን እንያቸው። የስቶክሆልሙ የሰላም ምርምር ተቋም እንደሚለው በ2024 አሜሪካ ለጦር 997 ቢሊዮን ዶላር አወጣች፤ ቻይና በግምት 314 ቢሊዮን። አሜሪካ ሦስት እጥፍ ትበልጣለች። በዚያው ዓመት ቻይና 1,005 ሚሊዮን ቶን ብረት ስታመርት አሜሪካ ወደ 80 ሚሊዮን ቶን አመረተች። ቻይና አሥራ ሁለት እጥፍ ትበልጣለች። ከዓለም የንግድ መርከብ ግማሹን ገደማ የምትሠራው ቻይና ናት፤ የአሜሪካ ድርሻ አንድ በመቶ አይሞላም። ታይዋን ከቻይና ጠረፍ በጠባቡ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከካሊፎርኒያ ደግሞ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በሌላ በኩል የቻይና ሕዝብ ከ2022 ጀምሮ እየቀነሰ ነው፤ እያረጀም ነው፤ የቤት ሆድ የሚባለው ኬላ እየጠበበ አይሄድም። አሜሪካም በ2024 የበጀት ዓመቷ ለዕዳ ወለድ የከፈለችው ለመከላከያ ካወጣችው በልጧል፤ የእስፔንን ብር ያስታወሰ ሰው ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ይቀመጣል።

ታዲያ ማን ይበልጣል? ጥያቄው መልስ ያጣው ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ያልተሟላ ስለሆነ ነው። የት? ለምን ጉዳይ? ለስንት ጊዜ? አሜሪካ አፍጋኒስታን ላይ ከሁሉም በላይ ነበረች፤ ደርሳለችም፤ ሃያ ዓመት ተቀምጣለችም። ነሐሴ 15 ቀን 2021 ካቡል የገባው ግን በየትኛውም ዝርዝር ላይ ደረጃ ያልነበረው ታሊባን ነው። ከእሷ በፊት ሶቪየት ኅብረት እዚያው ከ1979 እስከ 1989 ቆይታ ወጥታለች። ለታሊባን ጉዳዩ ቤቱ ነው፤ ለመጡት ግን ከብዙ ጉዳዮች አንዱ ነበር።

ኬኔዲን ልወቅሰው አልተነሣሁም። እንዲያውም እሱ ራሱ ጉልበት ሁልጊዜ ከሌላው ጋር የሚነጻጸር እንጂ ለብቻው የሚቆም አይደለም ብሎ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። የወቀሳዬ ዋና ነገር መጽሐፉ የቆመበት መድረክ ላይ ነው። ታሪኩን የሚያየው ከላይ፣ ከኃያላኑ ወንበር ነው። እዚያ ለተቀመጠ ሰው «ማን ይበልጣል?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ወንበሩን የሚወስድበትን ማወቅ አለበትና። እኛ ግን ወንበሩ ላይ የለንም። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ ሣር የዝሆኖቹን ክብደት ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? የሚጠቅመው ወደየት እንደሚረግጡ ማወቁ ነው። ዲፕሎማቶቻችንም፣ ጋዜጠኞቻችንም፣ «የእኛ ሚሳይል» የሚለው ጎረምሳችንም የኃያላኑን ጥያቄ ተውሰን እንደ ራሳችን እንጠይቃለን። መልሱ ላይ ደግሞ አገር እናስይዛለን።

ወዳጅ አንያዝ ማለቴ አይደለም። ድሃ አገር ያለ ወዳጅ አይኖርም። ግን ወዳጅ ስንመርጥ «ስንት አለው?» ከማለታችን በፊት «ቤቱን ቀልቦ ምን ይተርፈዋል? እዚህ ድረስ ማድረስ ይችላል? ከእኛ የሚፈልገው ነገር ሲያልቅስ ምን ያደርጋል?» ብንል ይሻላል። የሦስተኛው መልስ ብዙ ጊዜ ደስ አይልም። ቢሆንም ሳናውቀው ከምንወድቅ አውቀነው ብንጠነቀቅ ይሻላል።

የኬኔዲን መጽሐፍ ያገኘ ያንብበው። በተለይ የእስፔኑን ምዕራፍ፣ ሁለቱን የዓለም ጦርነቶችና መጨረሻ ላይ የተነበየውን። ሲያነብ ግን እርሳስ ይያዝ። ከየሰንጠረዡ ጎን አንድ ዓምድ ያስምርና አናቱ ላይ «የደረሰው» ብሎ ይጻፍበት፤ ከዚያ የሚያውቀውን ይሙላ። ለ1935 እንግሊዝ ዜሮ ይጽፋል። ለ1941 እንግሊዝ ሌላ ይጽፋል። ለ1977 ሶቪየት አንድ ነገር፣ ለ1990 ሌላ ነገር ይጽፋል። አብዛኛው ሣጥን ባዶ ይሆንበታል። ስለ ኃያላኑ ወዳጅነት ብዙ የሚያስተምረውም ያ ባዶ ሣጥን ነው።